ያረጀ የመስኖ ፓምፕ ጭንቅላት፦ ለክቶ መግዛትና መቀየር

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ በሽንኩርትና በቲማቲም ማሳ ዳር የሚሠሩት ትንንሽ የቤንዚን ፓምፖች ሲያረጁ፣ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው ሞተሩ ሳይሆን ከፊቱ የታሰረው የውሃ ክፍል፣ ማለትም ጭንቅላቱ ነው። ሞተሩ በደህና የሚነሳ ከሆነ ሙሉ ፓምፕ መግዛት ገንዘብ ማባከን ነው። ቀፎው ካልተሰነጠቀ ሲሉ (ውሃው በዘንጉ ዙሪያ እንዳያፈስ የሚያግደው) እና ኢምፔለሩ (እየተሽከረከረ ውሃውን የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ) ብቻ ሊበቁ ይችላሉ።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የጭንቅላቱ መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተሩና ጭንቅላቱ ከሚገናኙበት ሥር ውሃ የሚንጠባጠብ ከሆነ ሲሉ አልቋል። ውሃው እየመጣ ጉልበቱ ቀስ በቀስ ከቀነሰ ኢምፔለሩን አሸዋ በልቶት ይሆናል። ጨርሶ አልስብ ካለ ግን ምንም ከመፍታትዎ በፊት መሳቢያ ቱቦውን ይጠርጥሩ፤ በማሰሪያው በኩል አየር ከገባ አዲስ ፓምፕም አይስብም።

ከፍታም ያሳስታል። በፓምፑ ላይ የሚጻፈው 8 ሜትር የመሳብ አቅም በባሕር ወለል የተለካ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ከ1 ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ያው ፓምፕ ሸዋ ሮቢት ላይ 6 ተኩል፣ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ደብረ ብርሃን 5 ሜትር ቢስብ ነው። ሞተሩም በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ደጋ ላይ የሰነፈ ፓምፕ ሁልጊዜ የተበላሸ አይደለም፤ ወደ ውሃው ማውረድ ብቻ ይሆናል መድኃኒቱ።

ገበያ ሲሄዱ በስም ሳይሆን በልክ ይግዙ። «የሆንዳ ስጡኝ» ማለት አይበቃም፤ ተመሳሳይ የቻይና ሞተሮች ብዙ ናቸው። ሞተሩ ላይ 168ኤፍ ተብሎ ከተጻፈ፣ 68 የሚለው የሲሊንደሩ ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 170ኤፍ ደግሞ 70 ነው። ከዚያ የቱቦውን አፍ ይለኩ፤ ባለ 2 ነው ወይስ ባለ 3 ኢንች? በመጨረሻ ዘንጉን ይዩ። ኢምፔለሩ በጥርስ የሚጠመዘዝበት አለ፣ በዘንጉ ጎድጎድ ውስጥ በሚገባ ቁልፍ ብረትና በጫፍ ቡሎን የሚያዝም አለ። ባለ ቁልፉ ዘንግ 19.05 ወይም 20 ሚሊ ሜትር ሊሆን ስለሚችል ካሊፐር (ውፍረት በትክክል የሚለካ መሣሪያ) ካልያዙ አይለዩትም። ጭንቅላቱን የሚያስሩት ቡሎኖችም ያታልላሉ፤ ባለ 8 ሚሊ ሜትሩና ባለ 5/16 ኢንቹ ለዓይን አንድ ናቸው፣ ጥርሳቸው ግን ይለያያል። አንዱን በሌላው ቦታ በግድ ያስገባ ሰው የሞተሩን አሉሚኒየም ያበላሻል። አሮጌውን ዕቃ ይዞ መሄድ ከሁሉ ይሻላል።

ለመፍታት ቤንዚኑንና ዘይቱን ያፍስሱ፣ የካንዴላውን ገመድ ይንቀሉ። የዛጉ ቡሎኖችን በናፍጣ አርሰው ያሳድሩ። የፊት ቀፎው ሲወጣ ኢምፔለሩ ይታያል። ባለ ጥርሱ ከፊት ሲያዩት ወደ ግራ ነው የሚፈታው፤ ነገር ግን ዘንጉ አብሮ ስለሚዞር መያዣ ያስፈልገዋል። ካንዴላውን አውጥተው ቀዳዳውን በአውራ ጣት ይክደኑና መነሻ ገመዱን በዝግታ ይሳቡ። አየሩ ጣትዎን መግፋት ሲጀምር ፒስተኑ በመጭመቂያው ጉዞ ላይ ነው፣ ቫልቮቹም ዝግ ናቸው። ያኔ ንጹሕ የናይለን ገመድ ጫፉን ውጭ አስቀርተው ወደ ውስጥ ይጠቅጥቁ፤ ፒስተኑ ገመዱ ላይ ያርፋል። በሞተሩ ማራገቢያ ውስጥ ካቻቢቴ መሰንቀር ግን ክንፎቹን ይሰብራል።

ከኢምፔለሩ ጀርባ ስስ ሮንዴላዎች ካሉ ቁጥራቸውን ይያዙ፤ ክፍተቱን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። ሲሉ ሁለት ክፍል ነው፦ ባለ ስፕሪንግ ካርቦንና ነጭ የሴራሚክ ቀለበት። አንዱ በኋላ ክዳኑ፣ ሌላው በኢምፔለሩ ላይ ይቀመጣል፤ የቱ የት እንደነበር ሳይነቅሉ በስልክ ፎቶ ያንሱ። አዲሱን ሲገጥሙ ጎማውን በሳሙና ውሃ ያርሱና፣ ዳር ዳሩን ብቻ በሚነካ ቁራጭ ቧንቧ ቀጥ አድርገው ይግፉት። በመዶሻ የተመታ ሴራሚክ ወዲያው ይሰነጠቃል። ሁለቱ የሚፋተጉበትን ፊት በጣት አይንኩ፣ ግራሶም አያስነኩት።

ኢምፔለሩን መልሰው ከገጠሙ በኋላ ገመዱን ከሲሊንደሩ ማውጣትዎን አይርሱ። አሮጌውን ጋስኬትና የጎማ ቀለበት መልሶ መጠቀም ዳግም መፍታት ስለሚያስከትል በአዲስ ይተኩ። ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ቅደም ተከተል በጥቂት በጥቂቱ ያጥብቁ፤ ካንዴላው እንደወጣ መነሻውን በዝግታ እየሳቡ ያዳምጡ። ኢምፔለሩ የፊቱን ግድግዳ ከነካ አንድ ሮንዴላ ይቀንሱ፣ የኋላውን ከነካ ይጨምሩ።

ካንዴላውን መልሰው፣ ዘይት ይሙሉ፤ 168ኤፍ 0.6 ሊትር፣ 10ደብሊው-30 ይበቃዋል። ጭንቅላቱንም በላይኛው ቀዳዳ እስኪፈስ ውሃ ይሙሉ። ሲሉን የሚያቀዘቅዘው ይህ ውሃ ነው፤ ደረቅ የተነሳ ፓምፕ አዲሱን ሲል በደቂቃዎች ውስጥ ያቃጥላል። በ3 ደቂቃ ውስጥ ካልሳበ ያጥፉት፣ የቱቦውን ማሰሪያ ያጥብቁ፣ እንደገና ይሙሉ።

የመሳቢያው ማጣሪያ ወንዙ ወለል ላይ ተኝቶ ከሆነ አዲሱም ኢምፔለር በአሸዋ ይበላል። የተዘጋ ባዶ ጀሪካን በገመድ ያስሩበት፤ ማጣሪያው ሙሉ በሙሉ ከውሃው ሥር ሆኖ ከአሸዋው አንድ ክንድ ያህል ከፍ ይበል።