የድሮ የቤዝቦል ፎቶና ስላይድ ስትገዙ መጀመሪያ ጀርባውን ገልብጡ

የዝነኛው አሜሪካዊ የቤዝቦል ተጫዋች የቤብ ሩት ፎቶ በ10 ዶላርም በብዙ ሺህ ዶላርም ይሸጣል፤ ምስሉ አንድ ሊሆን ይችላል። የዋጋው ልዩነት የሚመጣው ወረቀቱ መቼ እና ከየትኛው ኔጌቲቭ (ፎቶ ከሚታተምበት ፊልም) ከመታተሙ ነው። ስለዚህ የጀርባውን ምስል የማይልክ ሻጭ ጋር አትነጋገሩ። (ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

አሰባሳቢዎች ፎቶን በ4 ይመድባሉ። ዓይነት 1 ከዋናው ኔጌቲቭ፣ ምስሉ በተነሳ በ2 ዓመት ገደማ ውስጥ የታተመ ነው። ዓይነት 2 ከዚያው ኔጌቲቭ ቢሆንም ቆይቶ የታተመ ነው። ዓይነት 3 በጊዜው የታተመ ቢሆንም ከኔጌቲቭ ቅጂ ወይም በስልክ ሽቦ ከተላለፈ ምስል የተሠራ፣ ዓይነት 4 ደግሞ እንዲሁ ቅጂ ሆኖ ዘግይቶ የታተመ ነው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ የሩትን ዓይነት 4 ከምትገዙ ብዙም ስሙ ያልተነሳ ተጫዋች ዓይነት 1 ግዙ፤ ጥራቱን ስታዩት ልዩነቱ ይገባችኋል።

ለምርመራ 10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር እና ትንሽ የአልትራቫዮሌት ባትሪ ይበቃሉ። በመነጽሩ የነጠብጣብ መረብ ከታያችሁ ከመጽሔት ወይም ከመጽሐፍ የተቆረጠ ገጽ ነው። አግድም ቀጫጭን መስመሮች ካሉና መግለጫው ከምስሉ ጋር አብሮ ከታተመ በሽቦ የመጣ ነው፤ የዜና ድርጅቱ አሶሺዬትድ ፕሬስ ይህን አገልግሎት የጀመረው በ1935 ነው። ቀጥሎ ክፍሉን አጨልሙና ባትሪውን በወረቀቱ ነጭ ጠርዝና በጀርባው ላይ አብሩ። በኦሞ እንደታጠበ ነጭ ሸሚዝ ደምቆ ካበራ ወረቀቱ ውስጥ ማንጫ ኬሚካል አለ፤ ይህ በፎቶ ወረቀት ላይ የተለመደው ከ1950ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ነው። በ1941 የሞተው ተጫዋች የሉ ጌሪግ ፎቶ እንዲህ ካበራ ዓይነት 1 ሊሆን አይችልም። አለማብራቱ ግን ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ማንጫ የሌለበት የኋላ ዘመን ወረቀትም አለ።

ሌላው ጣት የሚያውቀው ነገር ነው። ምስሉ ላይ እጥፋት ወይም ስንጥቅ ይታያችኋል፤ ጣታችሁን ስታሳልፉበት ግን ልስልስ ነው። ይህ ማለት የተሰነጠቀው ሌላ ፎቶ ነበር፣ እጃችሁ ላይ ያለው የእሱ ፎቶ ነው። በአንጻሩ ፎቶውን ወደ መብራት ስታዘነብሉት ጥቁሩ ክፍል ጠርዝ ጠርዙን ብርማ ብልጭታ ካሳየ በፎቶው ውስጥ ያለው የብር ማዕድን በዕድሜ ወደ ላይ ወጥቷልና ጥሩ ምልክት ነው።

የጀርባ ማህተም ብዙ ይናገራል። አክሚ የተባለው የፎቶ ድርጅት በ1952 ወደ ዜና ድርጅቱ ዩናይትድ ፕሬስ ገባ፤ የእሱ ተተኪ ዩፒአይ የተፈጠረው በ1958 ነው። የ1927 የሩት ፎቶ ላይ የዩፒአይ ማህተም ካለ ልትጠራጠሩ ይገባል። ሆኖም የፎቶ ማህደሩ ሠራተኛ አሮጌ ፎቶ ላይ አዲስ ማህተም መትቶ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱን ሳትመረምሩ አትጣሉት። የጋዜጣ ቤት የእርሳስ ምልክት፣ የተለጠፈ መግለጫና ነጭ ቀለም የፎቶው ታሪክ ናቸውና አታጽዱ፣ አትላጡ።

ማልያም ዘመን ይነግራል። ሩት የተጫወተበት የኒውዮርክ ቡድን ያንኪስ ተጫዋቾች ቁጥር በጀርባ ማድረግ የጀመሩት በ1929 ነው። ከ1917 እስከ 1935 በሜዳቸው በሚለብሱት ባለ መስመር ማልያ ደረት ላይ የኒውዮርክ ምልክት አልነበረም፤ ሩት ያንን ምልክት ደረቱ ላይ ካደረገ ፎቶው መጫወት ካቆመ በኋላ የተነሳ ነው። በ1939 ደግሞ ሁሉም ቡድኖች የቤዝቦል 100ኛ ዓመት ምልክት እጅጌያቸው ላይ ነበራቸው። ዓይናችሁን ለማለማመድ የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያሳየውን የቤይን የድሮ የዜና ፎቶዎች ስብስብ በጥራት አውርዳችሁ አጥኑ።

ስላይድ፣ ማለትም በፕሮጀክተር የሚታይ በክፈፍ የተያዘ ፊልም፣ ሌላ ዓለም ነው፤ ተጫዋቾቹን ጃኪ ሮቢንሰንን፣ ሚኪ ማንትልንና ዊሊ ሜይስን በዘመናቸው ቀለም የምታገኙት እዚህ ነው። ኮዳክሮም የተባለውን የኮዳክ ባለቀለም ፊልም ፈልጉ። በ35 ሚሊሜትር የወጣው በ1936 ሲሆን ይህን ፊልም የሚያጥበው የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት በ2010 መጨረሻ ሥራ አቁሟል። በጎን ብርሃን ስታዩት በደብዛዛው ገጽ ላይ ምስሉ እንደተቀረጸ ጎላ ብሎ ይታያል። ሌላው የኮዳክ ፊልም፣ የድሮ ኤክታክሮም፣ ግን ብዙ ጊዜ ቀልቷል። ሻጮች ስካኑን በኮምፒውተር ስለሚያስተካክሉት፣ ስላይዱ ከነክፈፉ መብራት ላይ ተቀምጦ የተነሳ ፎቶ ጠይቁ። ፕሮጀክተር ላይ ደጋግማችሁ አታሳዩ፤ ኮዳክሮም በጨለማ ለብዙ አሥርት ዓመታት ቀለሙን ሲይዝ በፕሮጀክተር ብርሃን ቶሎ ይደበዝዛል። ስካን ስታደርጉ በኢንፍራሬድ አቧራ የሚያጠፋውን አማራጭ ዝጉት፤ የኮዳክሮምን ምስል ራሱን እንደ አቧራ ቆጥሮ ያበላሻል።

ለማስቀመጫ የፖሊስተር ከረጢት ተጠቀሙ። ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ አልበም አሲድ እየለቀቀ ከፎቶው ጋር ይጣበቃል። እርጥበቱ ከ30 እስከ 50 በመቶ፣ ሙቀቱ ከ20 ዲግሪ በታች ይሁን፤ ቤዝመንትና ጣሪያ ሥር አይሆኑም። ስላይድ ላይ ያለ አቧራ በአየር መንፊያ እንጂ በትንፋሽ ወይም በውሃ አይነሳም። ፎቶውን ገዛችሁ ማለት የማተም መብቱን ገዛችሁ ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ፤ ቲሸርት ላይ አትማችሁ ከመሸጣችሁ በፊት የባለመብቱን ፈቃድ ጠይቁ።