እምቢ ብሎ አይደለም፣ አየር አጥሮት ነው፦ አፉና አገጩ ችግር ያለበትን ሕፃን ስንመግብ የምንሠራቸው ስህተቶች

የእህቴ ልጅ እዚሁ ሐዋሳ ሲወለድ ሁላችንም ጣቱን ቆጠርን። አፉን ከፍቶ ያየ ግን አልነበረም። አገጩ ትንሽ ወደ ኋላ ገባ ያለ ነው፤ «አያቱን ነው የመሰለው» ብለን ሳቅን። በሦስተኛው ቀን ወተቱ በአፍንጫው ወጣ። በአምስተኛው ቀን አንዲት ነርስ በስልኳ መብራት አፉን አየችና «ላንቃው ክፍት ነው» አለች።

ትንሽ አገጭ፣ ወደ ኋላ የሚወድቅ ምላስ፣ የሚታፈን ትንፋሽ። ሦስቱ አብረው ሲመጡ ሐኪሞች «ፒየር ሮቢን» ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1923 ስለዚሁ በጻፈው ፈረንሳዊ የጥርስ ሐኪም ስም። ብዙ ጊዜ የላንቃ ስንጥቅ ይጨመርበታል። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የራሳችን ናቸው።

«ከንፈሩ ደህና ነው» ብሎ ማለፍ። የከንፈር ስንጥቅን ማንም ያያል። ላንቃ ብቻውን ሲሰነጠቅ ግን ካልፈለጉት አይታይም። አዋላጇ በመብራት እስከ እንጥሉ ድረስ እንድታይላችሁ ጠይቁ። በጣት መዳሰስ ብቻ የኋለኛውን ስንጥቅ ሊያስት ይችላል።

«ጡቱን ይዟል፣ ጠግቧል» ማለት። እኛን ጉድ የሠራን ይሄ ነው። እህቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ታጠባለች። ልጁ ይታገላል፣ ግንባሩን ያልበዋል፣ ደክሞት ይተኛል። እኛ ጠገበ እንላለን። ሲመዘን ኪሎው ቀንሷል። ላንቃው ክፍት የሆነ ልጅ ወተት መሳብ ማለት በተቀደደ ስትሮ ሚሪንዳ እንደመጠጣት ነው፤ ጉንጭ ይደክማል እንጂ ጠርሙሱ አይጎድልም።

የእናት ወተት ይቅር ማለት ግን አይደለም። ይታለብና በንጹሕ የቡና ስኒ ይሰጠዋል። ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ እቀፉ። የስኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳርፉ፤ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ዘንበል አድርጉት። አታፍስሱበት፣ ራሱ ይልሰዋል። ለመተንፈስ ብሎ መጠጣቱን ሲያቆም ጠብቁት። አየር ስለሚውጥ መሃል መሃል ላይ አስገሱት። ከ30 ደቂቃ በላይ አትቆዩ፤ ከዚያ ወዲያ ድካሙ ከሚጠጣው ይበልጣል። መጀመሪያ ነርስ ፊት ተለማመዱት። የጡጦ ጫፍ በመርፌ ማስፋት ደግሞ የተለመደ ብልሃት ነው፤ ግን አታድርጉት፣ ወተቱ ስለሚጎርፍበት ትን ይለዋል።

«አመለኛ ነው፣ አልጠባም ይላል» ማለት። ልብሱን ገልጣችሁ ደረቱን እዩት። ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል? አፍንጫው ይነፋል? ሲተኛ ያንኮራፋል? እንዲህ ያለ ልጅ እምቢተኛ አይደለም፤ ከመብላትና ከመተንፈስ አንዱን እየመረጠ ነው። ከንፈሩ ከጠቆረ ወይም ትንፋሹ ቆም ቆም ካለ ግን እስኪነጋ አይጠበቅም፤ ባጃጅም ቢሆን ተፈልጎ ሆስፒታል።

በጀርባው ማስተኛት። ለጤነኛ ሕፃን ትክክሉ ይሄ ነው። ለዚህኛው ግን ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ መተንፈሻውን ሊዘጋበት ይችላል። ሐኪም በጎኑ ወይም በሆዱ እንዲተኛ ሊያዝ ይችላል፤ ያውም ክትትል እየተደረገበት። በራሳችሁ አትወስኑ።

እንጥል ማስቆረጥ። ጎረቤታችን እትዬ በቅንነት ነው «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አዋቂ አለ» ያሉት። ላንቃው የተሰነጠቀ ልጅ እንጥሉም ለሁለት ተከፍሎ ሊታይ ይችላል። ያን አይቶ ምላጭ ማንሳት ደም መፍሰስንና ኢንፌክሽንን መጥራት ነው። ቅቤ ማዋጥም ያው ነው፤ ትን ብሎት ሳንባው ይገባል።

«ለኦፕሬሽን ሲደርስ እንወስደዋለን» ብሎ ቤት መቀመጥ። ላንቃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፋው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው። እስከዚያ ግን ኪሎው በየሳምንቱ መታየት አለበት፤ ጆሮውም መመርመር አለበት፣ ውሃ ይቋጥራልና። በገንዘብ ምክንያት የቀራችሁ ካላችሁ ስማይል ትሬይን የሚባለው ድርጅት በአገራችን ነፃ ቀዶ ሕክምና ስለሚደግፍ ሆስፒታል ስትሄዱ ጠይቁ።

የኛው ልጅ በዓመት ከሁለት ወሩ ላንቃው ተሰፋ። አሁን አሳ እየፈተፈትንለት ይበላል። አገጩ ወጣ ብሏል፤ አያቱ ግን አሁንም «የኔው ነው» ይላሉ።