መጥፎ ፊልም ሳያልቅ እንዴት ተነስቶ መውጣት ይቻላል

ታላቅ እህቴ ከደሴ መጥታ ሳለ ባሕር ዳር አንድ ሲኒማ ቤት በ11 ሰዓት ገባን። ፊልሙ ከጅምሩ አልጣመንም። «እትዬ፣ እንውጣ?» ብዬ በጆሮዋ ብጠይቃት «ገንዘብ ከፍለንበት?» አለችኝ፤ እኔም ዝም አልኩ። ስንወጣ ጨልሟል። እህቴ ጣና ላይ ፀሐይ ስትጠልቅ ለማየት እንደጓጓች በማግስቱ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈረች። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ የምከተለው መንገድ ይህ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከመቀመጫ ነው። መሐል ረድፍ የተቀመጠ ሰው የአሥር ሰው ጉልበት እየገፋ መውጣት ስለሚያሳፍረው እስከ መጨረሻው ይቀመጣል። ከመተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር ያዙ።

ቀጥሎ ለፊልሙ ግማሽ ሰዓት ስጡት። አብዛኛው ፊልም ከ90 እስከ 120 ደቂቃ ይረዝማል፤ ገጸ ባሕርያቱን የሚያስተዋውቀውና ችግሩን የሚዘረጋው በመጀመሪያው ሩብ ነው። ከዚያ በፊት መፍረድ ግፍ ነው። ዝግ ያለ ፊልም ሁሉ መጥፎ አይደለም፤ አንዲት ሴት ቡና ስትቆላ ሦስት ደቂቃ ቢያሳየን፣ ከፊቷ የምናነበው ነገር ካለ ፊልሙ ሥራውን እየሠራ ነው። መጥፎው ፊልም ሰውየው ሲያዝን ያሳየናል፣ «አዝኛለሁ» ያሰኘዋል፣ ከዚያም በላዩ ላይ ሙዚቃ ያስጮኽብናል። ዋናው ሰው ሊሞት ሲቃረብ ቢሞትም ባይሞትም ደንታ ካልሰጣችሁ ምልክቱ በቂ ነው።

ከባዱ ደረጃ የትኬቱ ገንዘብ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም፤ ብትቀመጡም ብትወጡም ብሩ አይመለስም። ይህን ማወቅ ቀላል፣ ማድረግ ግን ከባድ ነው። ሃል አርክስና ካትሪን ብሉመር የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት ጥናት፣ የዓመቱን የቴአትር ትኬት በሙሉ ዋጋ የገዙ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በቅናሽ ከገዙት ይልቅ አዘውትረው ሲመጡ ታይተዋል። ቴአትሩ ግን ያው ነበር። ስለዚህ «ስንት ከፈልኩ?» አትበሉ። «አሁን በር ላይ ቆሜ ቀሪውን በነፃ እይ ብባል እገባለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አብሯችሁ ያለውን ሰው አታስገድዱ። ፊልሙን ከወደደው «አንተ ጨርስ፣ እኔ ውጭ እጠብቅሃለሁ» ማለት ይበቃል። ታላቅ ከሆነ ግን የምትሄዱበትን አስቀድሙ። እኔም እህቴን «እንውጣ?» ከማለት «እትዬ፣ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ ሐይቁን ላሳይሽ» ማለት ነበረብኝ።

ከዚያ ጎንበስ ብላችሁ፣ የስልክ መብራት ሳታበሩ ውጡ።

ከ12 ሰዓት በፊት ከወጣችሁ በባጃጅ ወደ ሐይቁ ዳር ሂዱ። ውኃው ሲቀላ፣ ሻላዎቹ ዝቅ ብለው ሲበሩ፣ የደንገል ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው ወደ ዳር ሲጠጋ ትደርሳላችሁ። እህቴ ለፋሲካ ትመጣለች፤ እዚያው ይዣት እሄዳለሁ።