ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤትና የሁለት ዓመት ኮሌጅ፦ ከማመልከቻ እስከ ምክትል መቶ አለቃ

አሜሪካ ውስጥ ወታደራዊ አዳሪ ትምህርት ቤት ብዙ ነው። ሁለት ዓመት ተምሮ የምክትል መቶ አለቅነት ማዕረግ ማግኘት የሚቻልባቸው ኮሌጆች ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። እነሱም ጆርጂያ ሚሌጅቪል ያለው ጆርጂያ ሚሊታሪ ኮሌጅ፣ አላባማ ያለው ማሪዮን ሚሊታሪ ኢንስቲትዩት፣ ሮዝዌል ያለው ኒው ሜክሲኮ ሚሊታሪ ኢንስቲትዩትና ፔንስልቬንያ ያለው ቫሊ ፎርጅ ሚሊታሪ ኮሌጅ ናቸው። የሮዝዌሉ ሁለተኛ ደረጃንና ኮሌጅን በአንድ ግቢ ያስተምራል፤ የማሪዮኑ ኮሌጅ ብቻ ነው። የጆርጂያው በሌሎች ከተሞችም ቅርንጫፎች አሉት፤ እዚያ የሚመዘገበው ግን ተራ ሲቪል ተማሪ ነው። ካዴት (ዩኒፎርም ለብሶ በወታደራዊ ሥርዓት የሚማር ተማሪ) መሆን የምትፈልጉ ሚሌጅቪልን ምረጡ።

ከማመልከታችሁ በፊት የትምህርት ቤቱን አቋም ጠይቁ። ሚዙሪ የነበረው ዌንትዎርዝ ከመቶ ዓመት በላይ ሠርቶ በ2017 ተዘግቷል። ዕውቅናው የጸና ነው ወይ? ቢዘጋ ክሬዲቴ (ለተማርኩት ኮርስ የሚቆጠርልኝ ነጥብ) የት ይሄዳል? ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ማዕረጉን ለሚፈልግ ሰው ዝግጅት የሚጀምርበትን ቀን የሚወስነው የጤና ምርመራው ነው። የአር.ኦ.ቲ.ሲ (ኮሌጅ ውስጥ መኮንን የሚያሠለጥነው የጦሩ ፕሮግራም) የሁለት ዓመት መንገድ የአራት ዓመቱን ሥልጠና አጥፎ ስለሚሰጥ፣ ቀድሞ ወታደራዊ ሥልጠና ያልወሰደ ተማሪ ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት ባለው ክረምት ኬንታኪ፣ ፎርት ኖክስ ለመጀመሪያው ካምፕ ይላካል። ለዚያ ደግሞ የመከላከያ ሚኒስቴርን የጤና ምርመራ ማለፍ ያስፈልጋል። ከ13ኛ ዓመት ልደት በኋላ የታየ አስም፣ የቆየ የአጥንት ስብራት ወይም የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፤ ልዩ ፈቃድ ማግኘት ቢቻልም ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የ12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ ጀምሩት። የሕክምና ታሪክን መደበቅ ዋጋ የለውም፤ በኋላ ሲገኝ በሽታው ሳይሆን ውሸቱ ነው የሚያባርረው። ዜግነትም ቀድሞ ይጣራ፦ ግሪን ካርድ ለተራ ወታደርነት ይበቃል፣ ለመኮንንነት ግን አይበቃም።

ሰውነትን በተመለከተ ብዙ አንጨነቅም። 2 ማይል (3.2 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሳይቆም የሚሮጥና ፑሽ አፕ አስተካክሎ የሚሠራ ልጅ የቀረውን እዚያው ይለምደዋል። የሚጎዳው ጫማው ነው። አዲስ ቦት አድርጎ የገባ ሰው በሦስተኛው ቀን ተረከዙ ውሃ ይቋጥርና ሰልፍ ላይ ማንከስ ይጀምራል። ቦቱን ከ3 ሳምንት በፊት ገዝታችሁ መጀመሪያ በቀን አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ግማሽ ቀን ተራመዱበት፤ ካልሲው የጥጥ ሳይሆን የሱፍ ይሁን፣ ጥጥ ላብ ይዞ ቆዳውን ይፍቃል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጩኸት ናቸው። ስልክ ይወሰዳል፣ ጸጉር ይቆረጣል፣ ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ሰልፉ በደቂቃ 120 እርምጃ ሲሆን አንዱ እርምጃ 30 ኢንች ነው፤ ተጠንቀቅ ሲባል ተረከዝ ገጥሞ የእግር ጣቶች 45 ዲግሪ ይከፈታሉ። ወላጆች እዚህ ላይ ምክራችንን ስሙን፦ የመጀመሪያው ስልክ ሲመጣ ልጁ «ውሰዱኝ» ማለቱ አይቀርም። በዚያው ቀን መኪና አታስነሱ፣ ደብዳቤ ጻፉለት። ዱላ፣ ዛቻ ወይም ምግብ መከልከል አለ ካለ ግን ጉዳዩ ናፍቆት አይደለም፤ ወዲያውኑ ለኃላፊዎቹ መናገርና መልሱን በጽሑፍ መቀበል ነው።

የክፍል ፍተሻ ነጥብ የሚጥለው በጥቃቅን ነገር ነው። አልጋው እንዲህ ይነጠፋል፦ አንሶላውን በእግርጌ በኩል ፍራሹ ሥር አስገቡ። ከእግርጌው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ራቅ ብላችሁ የጎኑን ጠርዝ ያዙና ወደ ላይ አንሥታችሁ ፍራሹ ላይ አስተኙት፤ ሦስት ማዕዘን ይሠራል። ተንጠልጥሎ የቀረውን ፍራሹ ሥር ክተቱ፣ ሦስት ማዕዘኑን አውርዱ፣ እሱንም ክተቱ። እጥፉ 45 ዲግሪ ካልመጣ ጠርዙን የያዛችሁት ለጥግ በጣም ቀርቦ ነው።

ለጫማ ደግሞ ቀለሙን ስስ አድርጎ ቀብቶ 10 ደቂቃ ማድረቅና መቦረሽ። ከዚያ ጥጥ በሁለት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ አርጥቦ፣ ቀለም ነካ አድርጎ ጫፉንና ተረከዙን በትንንሽ ክብ ማሸት፤ እስኪያንጸባርቅ ደጋግሙት። ቀለም ከበዛ ይደበዝዛል። ጫማው የሚታጠፍበት ቦታ ላይ አትደራርቡ፣ የደረቀው ሰም ይሰነጠቃል። በመጨረሻ የሸሚዝ ጠርዝ፣ የቀበቶ ዘለበትና የሱሪ ዚፕ ጠርዝ አንድ መስመር ላይ መሆናቸውን መስተዋት ፊት እዩ።

ትምህርቱ ላይ የሚበላሸው የክሬዲት ጉዳይ ነው። ዲፕሎማው 60 ክሬዲት ገደማ ቢሆንም፣ ማዕረግ ያገኘ ሰው ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ዲግሪውን የመጨረስ ግዴታ አለበት። ምህንድስና ለመማር አስባችሁ በሁለቱ ዓመታት ካልኩለስና ፊዚክስ ካልወሰዳችሁ 60ው ተቆጥሮም ከዜሮ ትጀምራላችሁ። በመጀመሪያው ሴሚስተር የምትዛወሩበትን ዩኒቨርሲቲ መርጣችሁ የትኛው ኮርስ በየትኛው እንደሚተካ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የወታደራዊ ሳይንስ ክሬዲት ብዙ ቦታ የሚቆጠረው እንደ ምርጫ ኮርስ ብቻ ነው።

ካዴት መሆን በራሱ ወታደር አያደርግም፤ ግዴታው የሚመጣው ከአር.ኦ.ቲ.ሲ ጋር ውል ሲፈረም ነው። ውሉ በአጠቃላይ የ8 ዓመት አገልግሎት ያስከትላል፤ በሁለት ዓመት የተመረቀ መኮንንም የሚመደበው በተጠባባቂ ጦር ወይም በናሽናል ጋርድ (በየግዛቱ ባለው የትርፍ ጊዜ ጦር) ነው። ከመፈረማችሁ በፊት፣ ውሉን ብታቋርጡ ገንዘቡን ትመልሱ እንደሆነ ወይስ በተራ ወታደርነት ትጠሩ እንደሆነ የሚናገረውን አንቀጽ ፈልጋችሁ አንብቡ፤ ያልገባችሁን መስመር አስምሩበትና አስረዱን በሉ።