ክፉ ቀን የማይበትነው የአካባቢ ምግብ አቅርቦት ከጎረቤት ጋር ተባብሮ እንዴት ይገነባል?

መንገድ ለ10 ቀን ቢዘጋ በአካባቢያችሁ ሰው ምን ይበላል? በየቤቱና በየሱቁ ያለው እህል ለስንት ቀን ይበቃል? መልሱን በትክክል የሚያውቅ ማኅበረሰብ ጥቂት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ ሲመጣ ይህ ጥያቄ በብዙ አገሮች በአንድ ጊዜ ተነሣ። ትምህርት ቤቶችና ሬስቶራንቶች ሲዘጉ ገዢ ያጡ አምራቾች ወተት ደፉ። አትክልት ማሳ ላይ በሰበሰ። በዚያው ሰሞን የዕርዳታ ምግብ የሚጠብቀው ሰልፍ ረጅም ነበር። ምግቡ ነበር። ከአምራቹ ወደ በላተኛው የሚያሻግረው መስመር ግን አንድ ብቻ ስለነበር፣ ሲቆረጥ ሌላ አልተገኘም።

ሁለተኛና ሦስተኛ መስመር ማበጀት ይቻላል። ለብቻ ግን ይከብዳል፤ ከአጎራባች አካባቢዎች ጋር ሲሆን ይቀላል። ለዚህ ሥራ የሚውል የድጋፍ ገንዘብ ወይም ግራንት የሚሰጡ ተቋማትም አሉ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው «ገንዘብ ከየት እናምጣ?» ብሎ ነው። እኔ ገንዘቡን ወደ ኋላ አድርጉት እላለሁ። በግራንት ዙሪያ የተሰበሰበ ቡድን ግራንቱ ሲያልቅ ይበተናል። በሥራ ዙሪያ የተሰበሰበ ግን ገንዘብ ቢዘገይም ይቆያል።

1. ምግቡ የሚመጣበትን መንገድ ተከተሉ

ሰው በየቀኑ የሚበላቸውን ከ5 እስከ 8 ምግቦች ምረጡ። እያንዳንዱን ከማሳ እስከ ማዕድ ተከተሉት። የት ይመረታል? ማን ይሰበስበዋል? የት ይከማቻል? በማን መኪና ይመጣል? የት ይሸጣል? የማን ቤት ሳይደርስ ይቀራል?

አምራቾችን ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። ሾፌሩ የትኛው ድልድይ በዝናብ እንደሚዘጋ ያውቃል። ባለሱቁን «ነገ መኪና ባይመጣ ስንት ቀን ትሸጣለህ?» በሉት። የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ኃላፊዋ ዋጋ ሲጨምር መጀመሪያ የምትቀንሰው ምን እንደሆነ ትነግራችኋለች። ወር በወጣ ቁጥር አስቤዛ የሚያሳጥሩ እናቶችን ሳትጠይቁ ደግሞ ካርታው አልተሟላም።

ያገኛችሁትን ሁሉ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሳሉ። አንድ ወፍጮ ብቻ፣ አንድ ገዢ ብቻ፣ አንድ መንገድ ብቻ ያለበትን ቦታ ሁሉ በቀይ አክብቡት። ሥራችሁ እነዚያ ቀይ ክቦች ናቸው።

ለማመሳከሪያ ያህል፣ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት (ፋኦ) የምግብ ዋስትናን በአራት ነገር ያየዋል፦ ምግቡ መኖሩ፣ ሰው ሊያገኘው መቻሉ፣ ሰውነት በአግባቡ ሊጠቀምበት መቻሉ፣ ይህም ሁሉ ሳይቋረጥ መዝለቁ። መጋዘኑ ሞልቶ መግዣ የሌለው ሰው ካለ ችግራችሁ ሁለተኛው ላይ ነው። እዚያ ላይ ሌላ መጋዘን መሥራት መፍትሔ አይሆንም።

2. ጎረቤትን በልዩነቱ ምረጡ

ብዙዎች የሚስቱት እዚህ ላይ ነው። የምንመርጠው የሚመስለንን ነው፤ ያው ሰብል፣ ያው የመኸር ወር፣ ያው ዝናብ። ድርቁ ሲመጣ ግን ሁለቱም በአንድ ሳምንት ባዶ ይሆናሉ። ያኔ ማን ለማን ይደርሳል?

ጥሩ አጋር አደጋው ከእናንተ የሚለይ ነው። እናንተ ዝናብ ጠብቃችሁ ካመረታችሁ፣ እሱ በመስኖ ቢያመርት ይመረጣል። የእናንተ ምርት ገበያውን በሚያጥለቀልቅበት ወር የእሱ ጎተራ ባዶ ቢሆን ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ርቀቱ ግን ልኩን ይኑረው፤ የመኪና ኪራይ ትርፉን ከበላው ትብብሩ አይዘልቅም።

በጠረጴዛው ዙሪያ የሚቀመጠውም ሰው መለያየት አለበት። አምራቾች፣ ነጋዴዎች፣ የትራንስፖርት ሰዎች፣ ጤና ጣቢያ፣ ትምህርት ቤት፣ የአካባቢ አስተዳደር፣ የምግብ እጥረት ያለባቸው ቤተሰቦችም ጭምር። በተለይ ነጋዴውን አታስቀሩ። ብዙ የማኅበረሰብ ሥራ ነጋዴውን እንደ ጠላት አይቶ ይጀምርና፣ ማመላለስና ማከማቸት ምን ያህል ሙያ እንደሚጠይቅ ዘግይቶ ይረዳል።

እንዲህ ያለ ስብስብ አዲስ ሐሳብ አይደለም። በአሜሪካ የመጀመሪያው የምግብ ፖሊሲ ምክር ቤት የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1982 በኖክስቪል ከተማ ነው። ካናዳ ውስጥ ቶሮንቶ በ1991 የራሷን መሠረተች። በ2015 ደግሞ ከ100 በላይ ከተሞች ሚላን ላይ የከተማ ምግብ ፖሊሲ ስምምነት ፈረሙ፤ ፈራሚዎቹ ከዚያ ወዲህ በጣም ጨምረዋል።

3. ክፉ ቀን ሳይመጣ ተፈራረሙ

በጥጋብ ወቅት ሁሉም ሰው ደግ ነው። ፈተናው እጥረት ሲመጣ ነው። ስለዚህ የመግባቢያ ሰነዱ ስለ ወዳጅነት ብዙ ከሚያወራ እነዚህን ቢመልስ ይሻላል።

ትርፍ ምርት ያለው ወገን በእጥረት ጊዜ ለአጋሩ ስንት እጅ ያስቀምጣል? ዋጋው እንዴት ይተመናል? የጥራት ደረጃውን ማን ይመዝናል? በጋራ የተገዛ መኪና ወይም ማቀዝቀዣ በማን ስም ይመዘገባል? አንዱ አካባቢ ልውጣ ቢል ድርሻው ምን ይሆናል? አለመግባባት ሲፈጠር መጀመሪያ ማን ይሸመግላል?

ከእነዚህ ሁሉ ከባዱ የዋጋው ነገር ነው። አንድ ቁጥር ጽፎ መዝጋት አይበጅም፤ ገበያ ይለዋወጣል። የተሻለው ቀመር መጻፍ ነው። ለምሳሌ፣ ያለፉት 3 ወራት አማካይ የገበያ ዋጋ ላይ የማጓጓዣ ወጪ ተጨምሮ ማለት ይቻላል። ቀመሩን ሁለቱም ወገን ቁጭ ብሎ በወረቀት ቢያሰላው፣ ኋላ ቅሬታ ይቀንሳል።

ገንዘቡን የሚይዘው ደግሞ አንድ ሕጋዊ ሰውነት ያለው አካል ይሁን። የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊሆን ይችላል፤ የታመነ ግብረ ሰናይ ድርጅትም ሊሆን ይችላል። የባንክ ሒሳቡ በጣምራ ፊርማ ይንቀሳቀስ፤ ፈራሚዎቹም ከአንድ አካባቢ ብቻ አይሁኑ። ሰው አምኖ መሥራት መልካም ነው። ፊርማው የሚጠብቀው ግን የታመነውንም ሰው ስም ነው።

4. አንድ ወቅት ያለ ግራንት ሥሩ

በእጃችሁ ባለው ነገር የሚጀመር አንድ ትንሽ ሥራ ምረጡ። በሳምንት ሁለት ቀን የጋራ መኪና መከራየት ሊሆን ይችላል። ሦስት ትምህርት ቤቶች ተባብረው ከአምራቾች በቀጥታ ቢገዙም ያው ነው። ለአንድ ሰው ከባድ የሆነው የመኪና ኪራይ ለ50 አምራች ሲካፈል ምንም አይደለም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የተባለው እውነት ነው።

ብዙ ጊዜ በርካሽ ብዙ ለውጥ የሚያመጣው ማከማቻው ነው። እህል በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ይሻግታል። ሻጋታው ደግሞ አፍላቶክሲን የሚባለውን ጉበት የሚጎዳ መርዝ ሊያመጣ ይችላል። የእርጥበት መለኪያ ከሌላችሁ በጨው ሞክሩ። ደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ውስጥ ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል ጨምራችሁ በደንብ ናጡት። ከዚያ 15 ደቂቃ ያህል ይቀመጥ። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉ ገና ፀሐይ ይፈልጋል። ካልተጣበቀ ለማከማቸት ተቃርቧል ማለት ነው፤ ብዙ ወር የሚቆይ ከሆነ ግን ወደ 13 በመቶ ቢወርድ ይሻላል።

አየር የማያስገቡ ባለሦስት ድርብ ከረጢቶችም አሉ። ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ካሜሩን ውስጥ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሥራ የመጣ ነው። ከረጢቱ በደንብ ሲታሰር ውስጡ ያለው ኦክስጅን ያልቅና ነቀዝ መብላትም መራባትም ያቆማል። ኬሚካል አያስፈልገውም።

በዚህ ወቅት ሁሉንም መዝግቡ። ስንት ኪሎ ገባ፣ ስንት ተበላሸ፣ ስንት ተሸጠ፣ መኪናው ስንት ጊዜ ቀረ። ይህ ደብተር በኋላ ከፕሮፖዛላችሁ ሁሉ በላይ ይናገራል።

5. ለጋሹን አጥኑ

ምንጮቹ ብዙ ዓይነት ናቸው። የመንግሥት ፕሮግራሞች፣ የግል ፋውንዴሽኖችና ዓለም አቀፍ ፈንዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው የዓለም አካባቢ ፋሲሊቲ የአነስተኛ ድጋፎች ፕሮግራም በቀጥታ ለማኅበረሰብ ድርጅቶች ይሰጣል፤ ትኩረቱ አካባቢ ጥበቃ ላይ ስለሆነ ከአፈርና ከውሃ ጋር የተያያዘ ሥራ ይስማማዋል። በ2010 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የግብርናና የምግብ ዋስትና ፕሮግራም ደግሞ ትኩረቱ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው አገሮች ሲሆን፣ በአምራች ድርጅቶች የሚመሩ ፕሮጀክቶችንም ይደግፋል።

ለጋሹ የሚያወጣውን የማመልከቻ ጥሪ ሁለት ጊዜ አንብቡ። ማን ማመልከት ይችላል? የገንዘቡ ጣሪያ ስንት ነው? የራስ መዋጮ ይጠይቃል? ገንዘቡን ቀድሞ ይሰጣል ወይስ አውጥታችሁ ነው የሚተካው? ከመልሶቹ አንዱ ካልገጠማችሁ ተዉት። ለማይመጥን ጥሪ ሥራን ማጣመም ከምንም በላይ ያደክማል። ግልጽ ያልሆነላችሁን ለጋሹን በቀጥታ ጠይቁ፤ ብዙዎቹ የጥያቄ ጊዜ ይመድባሉ።

ጀማሪ ከሆናችሁ የዕቅድ ግራንት ፈልጉ። ለጥናትና ለምክክር የሚሰጥ አነስ ያለ ገንዘብ ነው። ያ በደንብ ከተሠራ ለትልቁ መንገድ ይከፍታል።

6. ፕሮፖዛሉን ከደብተራችሁ ጻፉት

ችግሩን በአንድ አንቀጽ፣ በራሳችሁ ቁጥር አስቀምጡ። «የምግብ ዋስትና አሳሳቢ ነው» ማለት ማንንም አያሳምንም። «ባለፈው ወቅት ከእያንዳንዱ 100 ኪሎ አትክልት 30ው መኪና ሲጠብቅ ተበላሸ» ስትሉ ግን፣ ቁጥሩም ደብተራችሁ ላይ ካለ፣ አንባቢው ችግሩን ያየዋል።

ቀጥሎ ሥራን ከውጤት ለዩ። 20 ሰው ማሠልጠን ሥራ ነው። ሠልጣኞቹ ባስተካከሉት አያያዝ ብልሽቱ ከ30 ወደ 10 ኪሎ መውረዱ ውጤት ነው። ለጋሽ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው፤ እናንተም ልትፈልጉት የሚገባው እሱን ነው።

በጀቱ ላይ ሰው የሚረሳው ሁሌም ያንኑ ነው፦ ጥገና፣ ነዳጅ፣ ኢንሹራንስ፣ የሒሳብ ሠራተኛ ደመወዝ፣ የስብሰባ ትራንስፖርት። መኪና ጠይቆ ሾፌር አለመጠየቅ በጣም የተለመደ ስሕተት ነው። ለእያንዳንዱ መስመር ብዛቱን፣ የአንዱን ዋጋና ምክንያቱን ጻፉ።

የራስ መዋጮ ሲጠየቅ አትደንግጡ። ከጠቅላላው 20 በመቶ ቢባልና ሥራው 100 ሺህ ቢያስወጣ፣ 80 ሺው ከለጋሹ፣ 20 ሺው ከእናንተ ነው። ብዙ ለጋሾች ጉልበትን፣ የመጋዘን ቦታንና የባለሙያ ጊዜን በገንዘብ ተምኖ ይቀበላሉ። ብቻ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ የሰዓት መቆጣጠሪያ ቅጽ ይፈረም። ዓመቱ ካለቀ በኋላ ሰዓት ከትዝታ መሙላት ኦዲት ላይ ያስወድቃል።

የአጋሮች የድጋፍ ደብዳቤም «ሐሳቡን እንደግፋለን» ብቻ ከሆነ ባዶ ነው። «በሳምንት ሁለት ቀን መኪናችንን እንሰጣለን» የሚል ይሁን። ጽፋችሁ ስትጨርሱ ሥራውን ጭራሽ ለማያውቅ ሰው አስነብቡት። እሱ ያልገባውን ገምጋሚውም አይገባውም።

7. ገንዘቡ ሲመጣ

የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ። ደረሰኝ በዕለቱ ይፋይል። ትልቅ ግዢ ሲሆን ከሦስት ሻጮች ዋጋ ሰብስቡ፤ የመረጣችሁበትን ምክንያት በቃለ ጉባኤ ያዙ። በጀት ማዛወር ካስፈለገ መጀመሪያ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ወጪን ቆይቶ የሚተካ ግራንት ከሆነ ደግሞ የሁለት ሦስት ወር መንቀሳቀሻ ቀድማችሁ አዘጋጁ። ብዙ ትንንሽ ማኅበራት የሚያንቃቸው ይኸው ክፍተት ነው።

የሆነ ነገር ሲበላሽ ቶሎ ንገሩ፤ ለለጋሹም ለአጋሮቻችሁም። በጊዜ የተነገረ ችግር ይታገሡታል። በሪፖርት ላይ ድንገት ሲያዩት ግን እምነት ይጠፋል።

8. ገንዘቡ ሲያልቅ

ማቀዝቀዣ ክፍል ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ መልሱ፦ በአራተኛው ዓመት መብራቱን ማን ይከፍላል? መልስ ከሌለ አትግዙት። 500 ሺህ የወጣበት ዕቃ 10 ዓመት ያገለግላል ከተባለ፣ ለመተኪያ በዓመት 50 ሺህ መቀመጥ አለበት። ያ ገንዘብ ከተጠቃሚዎች ከሚሰበሰብ የአገልግሎት ክፍያ ሊመጣ ይችላል። ክፍያው ትንሽ ይሁን እንጂ ከመጀመሪያው ወር ይጀመር፤ ነፃ የለመደን ሰው በኋላ ክፈል ማለት ያስቸግራል።

ከሁሉ የሚያጸናው ግን ቋሚ ገዢ ነው። ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታል፣ ማንኛውም በየቀኑ ብዙ ሰው የሚመግብ ተቋም። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ሕግ ለትምህርት ቤት ምገባ ከሚመደበው የፌዴራል ገንዘብ ቢያንስ 30 በመቶው ከቤተሰብ እርሻዎች እንዲገዛበት አዘዘች። አምራቹ ገዢ እንዳለው አውቆ ይዘራል። እንዲህ ያለ ውል በአካባቢ ደረጃም መፈራረም ይቻላል፤ የአስተዳደሩ ሰው ከመጀመሪያው ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠውም ለዚህ ነው።

በመጨረሻ በዓመት አንድ ቀን ልምምድ አድርጉ። ከካርታው ላይ አንድ ቀይ ክብ ምረጡና «ዛሬ ተዘግቷል» በሉ። ለሾፌሩ፣ ለአጎራባች መጋዘን ኃላፊዎች፣ ለትምህርት ቤቶቹ ደውሉ። ስልኩን ማን አነሣ? የመጋዘኑ ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? የመጀመሪያው ጭነት በስንት ሰዓት ይደርሳል? ያልሠራውን ስልክ አርሙ፤ ቁልፉን ለሁለተኛ ሰው ስጡ፤ የሚቀጥለውን የልምምድ ቀን እዚያው ቁረጡ።