ክሮምቡክ ሲያስቸግር፦ ጥፋቱን በክሮሽ ትእዛዞች መለየት

ክሮምቡክ፣ ማለትም በጎግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራ ላፕቶፕ፣ ሲንቀራፈፍ ወይም ኢንተርኔት አልከፍት ሲል ብዙ ሰው ፓወርዎሽ ለማድረግ ይቸኩላል። ፓወርዎሽ ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠውን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ ያስጀምረዋል፤ ዳውንሎድስ ውስጥ ያለው ፎቶና ሰነድ አብሮ ይሄዳል። ጥፋቱ የራውተሩ ወይም ያረጀ ባትሪ ከነበረ ፋይሉ ጠፍቶ ችግሩ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሞ ክሮሽ በሚባለው የትእዛዝ መስኮት መመርመር ይሻላል። ከዚህ በታች ያሉት ምርመራዎች ፋይል አይነኩም።

መስኮቱን ለመክፈት ኮንትሮል፣ አልትና ቲን አንድ ላይ ይጫኑ። ክሮሽ የሚል ቃል የቀስት ምልክት አስከትሎ ይመጣል፤ ትእዛዝ የሚጻፈው ከቀስቱ ቀጥሎ ነው። ሁሉንም በትናንሽ የእንግሊዝኛ ፊደላት ጽፈው ኢንተርን ይምቱ። የቁልፍ ሰሌዳው አማርኛ ላይ ከሆነ ትእዛዙን አያውቀውም፤ በኮንትሮልና ስፔስ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱት። የሊኑክስ ትእዛዞችን ከሌላ ቦታ ገልብጠው አይሞክሩ፤ አብዛኞቹ እዚህ አይሠሩም። እነሱን ለማሠራት ዲቨሎፐር ሞድ የሚባለውን፣ የኮምፒውተሩን ጥበቃ የሚያላላ ሁነታ መክፈት ደግሞ ራሱ ዳታውን ያጠፋል።

ኢንተርኔት ሲጠፋ፦ ፒንግ

ፒንግ ወደ አንድ አድራሻ አጭር መልእክት ልኮ መልስ መምጣቱንና የወሰደውን ጊዜ ያሳያል። ፒ-አይ-ኤን-ጂ ብለው ይጻፉ፣ አንድ ስፔስ ይተዉና አድራሻ ያስከትሉ። ለማስቆም ኮንትሮልና ሲ። ሦስት አድራሻ በቅደም ተከተል ይሞክሩ፤ ቅደም ተከተሉ ዋናው ነገር ነው።

1. የራውተሩ አድራሻ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.0.1 ነው፤ ትክክለኛው በሴቲንግስ ውስጥ በዋይፋዩ ዝርዝር ላይ ጌትዌይ በሚለው ስር ይገኛል። መልስ ካልመጣ መጠርጠር ያለበት በኮምፒውተሩና በራውተሩ መካከል ያለው ዋይፋይ ነው። መልሱ እየመጣ ጊዜው ከጥቂት ሚሊሰከንድ ወደ መቶዎች የሚዘል ከሆነ ሲግናሉ ደካማ ነው ወይም መስመሩ ተጨናንቋል፤ ወደ ራውተሩ ቀርበው ይድገሙት።

2. 8.8.8.8፣ ኢንተርኔት ላይ ያለ የጎግል ሰርቨር አድራሻ። ራውተሩ መልስ ሰጥቶ ይህ ካልሰጠ ላፕቶፑ ደህና ነው፤ ችግሩ ከራውተሩ ወዲያ ያለው መስመር ነው። አንዳንድ የቢሮና የሆቴል ኔትወርክ ግን ፒንግን ስለሚያግድ፣ እዚያ ሆነው ዝም ቢል ወዲያው አይደምድሙ።

3. የጎግል ስም ከነዶት ኮሙ። ቁጥሩ ሠርቶ ስሙ ካልሠራ የተበላሸው ዲኤንኤስ ነው፤ ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው አገልግሎት ማለት ነው። በዋይፋዩ ዝርዝር ውስጥ ኔም ሰርቨርስ የሚለውን ከፍተው የጎግልን ይምረጡ።

ባትሪ ቶሎ ሲያልቅ

ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ ተሰክቶ ከቀረ ምርመራው አይሠራም። ቀጥሎ ባትሪ እና ቴስት የሚሉትን የእንግሊዝኛ ቃላት በታች ሰረዝ አገናኝተው ይጻፉ፦ ቢ-ኤ-ቲ-ቲ-ኢ-አር-ዋይ፣ የታች ሰረዝ፣ ቲ-ኢ-ኤስ-ቲ። የታች ሰረዙ የሚገኘው ሺፍትንና የሰረዝን ቁልፍ አብሮ በመጫን ነው። ስፔስ ትተው 300 ቢጨምሩ 5 ደቂቃ ይለካል። በዚያ ጊዜ እንደወትሮው ይጠቀሙበት፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ ላፕቶፕ የሚያሳየው ቁጥር ያታልላል።

ሁለት ነገር ይነግርዎታል። የባትሪው ጤንነት በመቶኛ ይመጣል፤ ከ50 በታች ከወረደ ባትሪውን ስለመቀየር ማሰብ ነው። ሁለተኛው በምርመራው ጊዜ ስንት በመቶ እንደወረደ ነው። በ5 ደቂቃ 2 በመቶ ከወረደ በሰዓት 24 በመቶ ነው፤ ሙሉ ባትሪ 4 ሰዓት ገደማ ያቆያል። 5 በመቶ ከወረደ ግን 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ብቻ ነው። ጤንነቱ ጥሩ ሆኖ እንዲህ የሚወርድ ከሆነ ባትሪ ለመግዛት አይቸኩሉ፤ የስክሪኑን ብርሃን ቀንሰው፣ ብዙ ታብ ዘግተው እንደገና ይለኩ።

ሲንቀራፈፍ

ቲ-ኦ-ፒ ብለው ይጻፉ። ፕሮሰሰሩን የሚበላው ከላይ ይሰለፋል፤ ሺፍትንና ኤምን ሲጫኑ በሜሞሪ ፍጆታ ይደረደራል፣ ለመውጣት ኪው። እዚህ ላይ ብዙዎቹ መስመሮች ክሮም የሚል ስም ብቻ ስለሚይዙ የትኛው ታብ እንደሆነ አይታወቅም። ለዚያ ሰርችንና ኢስኬፕን ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ እያንዳንዱን ታብና ኤክስቴንሽን በስሙ ያሳያል፣ ከዚያው መዝጋትም ይቻላል። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ክሮምቡክ ላይ ጥፋተኛው አብዛኛውን ጊዜ የታብ ብዛት ነው።

ታብ ሁሉ ተዘግቶም በራሱ እየጠፋ የሚበራ ከሆነ ሜሞሪ ቴስትን፣ እንደ ባትሪው በታች ሰረዝ አገናኝተው፣ ያስኬዱ። ረጅም ጊዜ ስለሚወስድ ቻርጀር ላይ ይሰኩት። የሚመረምረው ያልተያዘውን ሜሞሪ ብቻ በመሆኑ ታብ በዘጋችሁ ቁጥር ሰፋ ያለ ክፍል ይዳረሳል።

ክሮሽ ጭራሽ አልከፍት ካለ ኮምፒውተሩ በትምህርት ቤት ወይም በድርጅት የሚተዳደር ሊሆን ይችላል። ከውጭ ያገለገለ ክሮምቡክ የሚገዛ ወይም የሚያስልክ ሰው ይህን ገንዘብ ሳይከፍል ያጣራ፤ ምዝገባው በድርጅቱ ካልተነሳ ፓወርዎሽ ቢደረግም ተመልሶ ይመጣል። ሴቲንግስ ውስጥ አባውት ክሮም ኦኤስ የሚለውን ከፍቶ አፕዴት የሚያቆምበትን ቀን ማየትም ያስፈልጋል።