ሴራሚክ ከመለጠፉ በፊት ግድግዳውን በስልክ መብራት እዩት

የሻወር ወይም የኩሽና ግድግዳ በቀን ሲያዩት ልሙጥ ይመስላል። ጉዱ የሚወጣው ሴራሚኩ ሲለጠፍ ነው፤ የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ብቅ ይላል።

ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግታችሁ በጎን አብሩት። ትንሿ እብጠት እንኳ ጥላ ትጥላለች። በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ ከዚያ ቀጥ ያለ ረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ አስደግፋችሁ አረጋግጡ። እብጠቱን በመሮ አንሱት። ጎድጓዳውን አርጥባችሁ በሲሚንቶና በአሸዋ ሙሉት፤ ሳይደርቅ ፊቱን ጫር ጫር አድርጉት፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ። እስኪጠነክር ሴራሚኩ ይቆይ።

“ችግር የለም፣ በማጣበቂያው እሞላዋለሁ” የሚል ባለሙያ ከገጠማችሁ እሺ አትበሉት። ወፍራም ማጣበቂያ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሴራሚኩንም ወደ ውስጥ ይስበዋል። በዚያ ላይ ከሲሚንቶና አሸዋ ይወደዳል።

ግድግዳው ሲንኳኳ ባዶ ድምፅ ካሰማ ግን መሙላቱ ከንቱ ድካም ነው። ልስኑ ለቋል፤ ይፈንቀል። ሻወር ውስጥ በጄሶ አትሙሉ፣ እርጥበት ያላላዋል። ደግሞ መብራቱ እብጠትና ጎድጓዳ እንጂ ግድግዳው መዝመሙን አያሳይም፤ ለዚያ ቱንቢ ጣሉ።